ተራራው ላይ የቀሩት ሽማግሌ

ኅዳር 14፣ ሐሙስ
ታቦር፣ ሐዋሳ

ዛሬ ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ጴጥሮስ ከጎባ ወደ ሐዋሳ በብስክሌት ስንመለስ፣ የመንገዱን ትልቁን ተራራ ወጣን። አናቱ ላይ ነፋሱ ከኮርቻ ሊጥለን ይታገለን ነበር። ድንገት አንድ ትልቅ ውሻ ሳይጮህ ዘሎ የጴጥሮስን ባት ነክሶ ጎትቶ ጣለው። በጎማ መንፊያዬ ጭንቅላቱን ደጋግሜ መታሁት። ከሞተ በኋላም መምታቴን አላቆምኩም።

የውሻው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሮጠው መጡና ጀርባዬን በዱላ መቱኝ። "ውሻዬን ገደልከው!" ብለው ሊደግሙኝ ሲሉ የጴጥሮስን ደም አዩ። ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

"አብዶ ነበር። ገመዱን በጥሶ ነው ያመለጠኝ" አሉ። "ቶሎ ውሰደውና የእብድ ውሻ መርፌ ይወጋ።"

ጋቢያቸውን ቀደው ቁስሉን ሲያስሩ ክንዳቸው ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ።

"አባቴ፣ እርስዎንም ነክሶዎታል!"

"ትናንት ነው። ትንሽ ናት።"

"ታዲያ ከእኛ ጋር ይሂዱ እንጂ!"

"ከብቶቹን ለማን ጥዬ?"

የጭነት መኪና አስቁመን ከነብስክሌቶቻችን ተሳፈርን። እሳቸውን ልጎትት ስሞክር እጃቸውን መንጭቀው ቀሩ።

አመሻሽ ላይ ሐዋሳ ደርሰን ጴጥሮስ መርፌውን ተወጋ። አሁን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር እህቱ ቤት ተኝቷል። ሐኪሙ፣ በሽታው አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም አለን።

ጀርባዬ አብጧል። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሽማግሌው ተመልሼ እሄዳለሁ። እምቢ ካሉኝ አስሬም ቢሆን አወርዳቸዋለሁ።