አስራ አንዱን ናሙና ያልጣሉት የላቦራቶሪ ባለሙያችን ዕረፍት

የውፍረትና የስኳር ሕመም ምርምር ተቋማችን፣ የሆርሞን ላቦራቶሪው ዋና ቴክኖሎጂስት የነበሩት ባልደረባችን ባለፈው ሳምንት ሰኞ በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘንና በኀፍረት ያስታውቃል። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ማረፋቸው የታወቀው ሐሙስ ዕለት ነው። በናሙና ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ሦስት ቀን ባዶ መዋሉን አይተው «የት ሄዱ?» ብለው የጠየቁት የበር ጥበቃው ናቸው። ከተቋሙ አርባ ስድስት ሠራተኞች ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ባልደረባችን ለሃያ ሁለት ዓመታት አገልግለዋል። ስብ የትርፍ ምግብ ማከማቻ ብቻ ሳይሆን ሆርሞን እያመነጨ ወደ ደም የሚልክ የአካል ክፍል መሆኑን አዲስ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ሳይታክቱ ያስረዱ ነበር። ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ለአንጎል «በቃ፣ ጠግበናል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ውፍረት ሲጨምር መልእክቱም ይበዛል፤ አንጎል ግን መስማቱን ይተዋል። አዲፖኔክቲን ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን እንዲሠራ ያግዛል። እርሱ ሲያንስ ስኳር ደም ውስጥ ይቀራል። በዚህ ሥራቸው ምክንያት በየኮሪደሩ «ሞራ ገላጩ» ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን።

በአገልግሎታቸው በሦስተኛው ዓመት የአዲፖኔክቲን አለካክ ሥርዓት ዘረጉ። ዛሬም የምንሠራው በእርሱ ነው።

በስምንተኛው ዓመት፣ የደም ስኳራቸው ጤናማ በሆነ አስራ አንድ ሰዎች ላይ እጅግ ዝቅተኛ አዲፖኔክቲን አገኙ። ሰዎቹ የስኳር ሕመም ሳይደርስባቸው ክትትል እንዲደረግላቸውም በጽሑፍ ጠየቁ። የተቋሙ ገምጋሚ ኮሚቴ «ናሙናው ተቀያይሯል» በሚል ውጤቱን ከሪፖርቱ ሰረዘ። ባልደረባችን ሦስት ጊዜ ደግመው ለክተው ያንኑ አገኙ። አራት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልተሰጣቸውም። ናሙናዎቹን እንዲያስወግዱ ሲታዘዙ ግን አላስወገዱም።

ከዚያ ወዲህ ለአስራ አንዱም ሰዎች በየዓመቱ ከቤታቸው እየደወሉ እንዲመረመሩ ይወተውቱ እንደነበር ከማስታወሻ ደብተራቸው ተረድተናል። ከአስራ አንዱ የአንዱ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መልስ በባልደረባችን የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ስለ ጤናዬ ብሎ የሚደውልልኝ የለም። ለእርስዎስ ማን ይደውልልዎታል?» ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።

በዚህ ሳምንት መዝገቡን አገላብጠናል። ከአስራ አንዱ ሰዎች ዘጠኙ የስኳር ሕመምተኞች ሆነዋል። ናሙናው አልተቀያየረም ነበር። ስለዚህ የተሰረዘው ውጤት በባልደረባችን ስም ወደ ሪፖርቱ ተመልሷል፤ ናሙናዎቹም አይወገዱም። ክትትሉን ከአስራ አራት ዓመት በኋላ ተቋሙ ተረክቧል። ይህ ለባልደረባችን የተከፈለ ውለታ ተደርጎ እንዳይቆጠር እናሳስባለን። ሥራችን ነበር።

ለታላቅ እህታቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሟቹ ወንድማቸው በስልክ «ባልደረቦቼ ከቤቴ አይጠፉም» ይሏቸው እንደነበር ነግረውናል። እውነቱን ልንደብቃቸው አይገባም፤ ከመካከላችን ቤታቸውን የሚያውቅ አልነበረም።

ትናንት የመጀመሪያው የክትትል ጥሪ ለሹፌሩ ተደርጓል። ሹፌሩ ስለ ስኳራቸው ከመመለሳቸው በፊት «ጋሼስ ደህና ናቸው?» ብለዋል። ከበር ጥበቃው ቀጥሎ ስለ እርሳቸው የጠየቁን ሁለተኛው ሰው ናቸው።