ሰው ሁሉ የተጣበቀበት የሰይዳ መስመር

አንተ ደረበ! እህትህ አየሁሽ ነኝ፤ ቁጭ ብለህ አንብበኝ። ተቆጥቻለሁ፣ ግን ብቆጣም ሰላምታህን አልነፍግህም። እንዴት ከርመሃል? ያ ጉልበትህ ተሻለህ? የሐዋሳ አየርስ ተስማማህ? ሚስትህ ሃይሚ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሟል። እናታችንም ሙቀቱን እየረገመች ወፍራልሃለች።

አሁን ወደ ነገሬ። ለባለወፍጮው ለምንይችል ደውለህ «ጀነሬተሩን ከአየሁሽ ቀሙ፣ ያልተማረች ሴት ምን ታውቃለች፣ የጤና ኬላውን ፍሪጅ ያቃጠለችው እሷ ናት» ብለሃል አሉ። እሱም በጀነሬተሩ ማኅበር ስብሰባ ቆሞ «የገዛ ወንድሟ አለ» ብሎ ለሰው ሁሉ አሰማብኝ። የፊታችን እሑድ ማኅበሩ ጀነሬተሩን ማን ይያዘው ብሎ ሊወስን ነው። እኔ እንጀራዬ ጀነሬተሩን ማንቀሳቀስ ነው፣ ደረበ!

ያልነገሩህን እኔ ልንገርህ። ሰፈራችን ዋናው መብራት አልደረሰውም፤ ያለን ያው አንድ ጀነሬተር ነው፣ ከሱም ሦስት መስመር ይወጣል። ሰይዳ፣ ያቺ ከሱዳኑ ገላባት ተሻግራ መጥታ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ የምትሸጠዋ፣ ፍሪጇ ውሃውን በረዶ ያደርገዋል ተባለ። ከዚያማ ሰው ሁሉ «የሷ መስመር ጠንካራ ነው» ብሎ እዚያው ላይ ተጣበቀ። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ጸጉር ቤቱም አንዱ ላይ! ያ መስመር ደከመ፣ አምፖሉ ደበዘዘ። ሰዉ ደግሞ «ጨምሪ! ጨምሪ!» ይለኛል። አልጨምርም ስል ምንይችል ራሱ ገብቶ የኃይል መጨመሪያውን አዞረው። የሰይዳ መስመር ትንሽ ቀና አለ። ጤና ኬላው ግን ሰው በሌለበት መስመር ላይ ለብቻው ነበረና ኃይሉ ከልክ አለፈበት፤ የክትባቱ ፍሪጅ ጨሰ። ታዲያ የኔ ጥፋት የቱ ጋ ነው?

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ኪዳን የሚባል ኤሌክትሪሺያን ከገንዳ ውሃ አመጣሁ። በቴስተር ሲለካው፣ ልኩ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ መስመር መቶ ሰባ፣ ሌላው ሁለት መቶ ስልሳ! ቤቶቹን ለሦስቱ መስመር እናካፍል አለኝ። እኔም ስጮህ የከረምኩት ይኼንኑ አይደል አልኩት። ሳቀና «ጩኸትሽስ ልክ ነበር፣ ግን ሰው በጩኸት ከቦታው አይነቃነቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልለቅም አለ። «ወደ ደካማው ልትወረውሪኝ ነው?» እያሉ ተቆጡኝ። በመጨረሻ ሰይዳ ብድግ ብላ «ኸላስ! በቃ፣ እኔ ልቅደም» አለች። ፍሪጇን ወደ ሌላ መስመር አዛወርንላት፤ በማግስቱ ውሃዋ ጥርስ የሚያደነዝዝ ሆነ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ሰፈሩ በሙሉ እንደገና ሰይዳን ካልተከተልኩ አለ! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ኪዳን ግን ብልጥ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ለሦስት አከፋፍሎ ሲያበቃ የመስመር መቀየሪያውንም የኃይል መጨመሪያውንም ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ለወፍጮውም ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ ዕቃ ገጠመለት። ድሮ ወፍጮው ሲነሣ ሰፈሩ ይጨልም አልነበር? አሁን አምፖሉ ብልጭ እንኳን አይልም። ለጤና ኬላውም ሌላ ፍሪጅ መጥቶ ክትባቱ ገብቷል። የሰሊጥ አጫጆቹ ማሽላ ሊያስፈጩ ሲመጡ ሳይጉላሉ ይመለሳሉ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ምንይችል ራሱ «ወፍጮዬ እንዲህ ሮጦ አያውቅም» ይለኛል። የሚለኝ ግን ለብቻዬ ነው፤ ሰው ፊት አፉ ይያዛል።

ሃይሚን ጉንጯን ሳምልኝ ብላሃለች እናታችን። ለትልቋ ልጅህ ለሰርካለም አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ፤ ትንሹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ሰይዳም ሰላም በይው ብላለች፤ ስትመጣ ከርከዴው በነፃ ነው።

ይቅርታህን ለብቻዬ እንዳትልክብኝ፣ አልቀበልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ደውል። መጨመሪያውን ያዞረው ማን ነው? አንተም ጠይቀው፣ ምንይችልም ሰው ሁሉ እየሰማው ይመልስ!

እህትህ አየሁሽ
ከመተማ ቆላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.