የቦቴው ክዳን

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፤ ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2007

ወደ ደቡብ አፍሪካ የምትሄደውን የእህቴን ልጅ ትዕግስትን ልሸኝ መጥቼ፣ ሆቴሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳነብ የዋልኩት ለመጽሔቱ ዓምዴ የሚሆን የድሮ ነገር ነበር። ቻይናውያን ስደተኞችን የጫነ መርከብ ከሆንግ ኮንግ ከመነሳቱ በፊት ሹም መርከቡ ላይ ወጥቶ፣ ተሳፋሪዎቹን ሰብስቦ፣ "የት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ? ወዳችሁ ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ የእንግሊዞች ሕግ ያስገድደው ነበር። የመተኛ ቦታና ሐኪምም ታዞላቸዋል።

ጉዞዋን ያመቻቸው ደላላ "በአውቶቡስ ነው የምትሄደው" ብሎን ነበር። አመሻሹ ላይ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ የቆመው ግን ባዶ የነዳጅ ቦቴ ነው። የሹፌሩ ረዳት የቦቴውን ጎን በቡጢ ሲደበድብ ከውስጥ ሰዎች መለሱለት። ክው አልኩ።

"ከመለሱ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ እትዬ" አለኝ እየሳቀ። "መንገድ ላይም እንዲሁ እያንኳኳን ነው የምንሄደው።"

ትዕግስት በቦቴው መሰላል ስትወጣ እጇን ያዝኳት። "ወደሽ ነው፣ የኔ እናት?"

ደላላው ቀደማት። "ወዳ ነው እንጂ! ሀራካ፣ ሀራካ! ቶሎ በሉ፣ ፖሊስ ሳይመጣብን!"

"አንተን አልጠየቅኩም!"

ትዕግስት እያለቀሰች፣ "ታዲያ ተመልሼ የሰፈር መሳቂያ ልሁን፣ አክስቴ?" ብላ እጇን አስለቀቀችኝ። ክዳኑ ተዘጋባት።

እናቷ ደጋግማ ትደውላለች። ወሬ አልቆብኝ የማያውቅ እኔ ስልኩን ማንሳት ፈራሁ። ምን እላታለሁ? ቦቴው ሊነሳ ሲል እኔም ጎኑን አንኳኩቼ ነበር። ብዙ ቡጢ መለሰልኝ። የትዕግስት የትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁም።