አጥንት ጠባቂዋ፦ የጥርስ ሐኪሟ “ዶክተር ቀስ” የሕይወት ታሪክ

በታካሚዎቻቸው ዘንድ “ዶክተር ቀስ” በሚል የፍቅር ስም የሚታወቁት ውድ እህታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ።

እህታችን ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታችን መንጋጋ ጥርሳቸውን ልምድ በሌለው ሰው እጅ አስነቀሉ። ከጥርሱ ጋር የአጥንት ስባሪ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አንገታቸው አብጦ ትንፋሽ አጠራቸው። ሳህን ይዘው አጠገባቸው የቆሙት እህታችን ነበሩ። አባታችን ከሞት አፋፍ ተመለሱ፤ ያን ቀን በልጃቸው ሆድ የገባው ፍርሃት ግን አልወጣም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1973 ዓ.ም. የጥርስ ሕክምና መማር ሲጀምሩ፣ እናታችን “ልጄ፣ ሰው የሚፈራውን ነገር ሥራ ብሎ ይይዛል?” አሏቸው። “እማዬ፣ ባልፈራ ነበር የሚያስፈራው” ብለው መለሱ። በ1979 ዓ.ም. ተመርቀው በሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1982 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሆስፒታሉ ወረፋው ከበር አልፎ እስከ ደረጃው ይደርስ ነበር። ጥርስ ይነቀላል፣ ጥጥ ይነከሳል፣ ተረኛ ይጠራል። በ1984 ዓ.ም. ለአንዲት ወጣት ዜና አንባቢ የፊት ጥርሷን ነቀሉላት። ከሁለት ዓመት በኋላ በብሎን የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስተከል ተመለሰች። ጥርሱ የነበረበት አጥንት ሟሙቶ እንደ ቢላ ስለት ቀጥኗል፤ ድዱም አብሮ ሰርጉዷል፤ ብሎን የሚይዝ ነገር የለም። “ዶክተር፣ አጥንቱ እንደሚጠፋ ያኔ ምነው አልነገሩኝም?” አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ የጥርስ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር ያቺ ጥያቄ ትመጣባቸው ነበር። በ1993 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ለባለቤታቸው ትተው ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄዱ። የተማሩትም፣ ጥርስ እንደተነቀለ ጉድጓዱን በተዘጋጀ የአጥንት ፍርፋሪ መሙላት፣ በስስ ሽፋን ከልሎ መስፋትና ብሎኑ እስኪተከል አጥንቱንና ድዱን ማቆየት ነው። ሲመለሱ ባልደረቦቻቸው “ጉድጓድ መሙላትማ የቀባሪ ሥራ ነው” እያሉ ቀለዱ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ በሆዳቸው ግን ፈሩ።

በ1996 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ የላይኛው የፊት ጥርሱ ሥሩ ተሰነጠቀ። መተዳሪያው ጥሩምባ መንፋት ነበር። ድዱና አጥንቱ ከሰረጎደ ከንፈሩ መደገፊያ ያጣል። እህታችን መርፌውን ከመውጋታቸው በፊት “ወንድምዓለም፣ ፈርቻለሁ። በቃ ካልከኝ እተወዋለሁ” አሉት። እሱም “አንቺ ካልፈራሽልኝ ማን ይፈራልኛል?” አላቸው።

ሥሩን ቆራርጠው፣ በየመሐሉ ለረዳታቸው “ቀስ፣ ቀስ” እያሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠሩ። ሊጨርሱ ሲሉ ከፊት ያለው ስስ አጥንት ጠቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ድምፁን እሳቸውም ወንድማቸውም ሰሙት። እህታችን መሣሪያውን አስቀምጠው ወደ መታጠቢያው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ተመልሰው ፍርፋሪውን ሞሉ፣ ሸፈኑ፣ ሰፉ። በአሥረኛው ቀን ወንድማቸው አፉ ውስጥ እንደ ጨው ያለ ፍርፋሪ አግኝቶ እየሮጠ መጣ። “ጥቂቱ ይወጣል፤ ያለ ነው” አሉት፤ በማግስቱ ግን ሦስት ጊዜ ስልክ ደወሉለት። ጥሩምባው አምስት ወር ከሳጥኑ አልወጣም። በአምስተኛው ወር በተነሣው ራጅ አጥንቱ ሞልቶ ታየ፤ ብሎኑም ተተከለ። እህታችን ራጁን ይዘው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ፤ ወንድማቸውም ውሎ አድሮ ጥሩምባውን ከሳጥኑ አወጣ።

ይህንኑ ሕክምና ለብዙ መቶ ሰዎች ሠሩ፤ ተማሪዎችንም አስተማሩ። በ2012 ዓ.ም. የቀኝ እጃቸው ጣት መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ማንም ሳያውቅባቸው በዚያው ሳምንት ከሕክምና ሥራ ራሳቸውን አገለሉ።

ባለፈው ዓመት የልብ ድካም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪማቸው የቀድሞ ታካሚያቸው ነበር። “እውነቱን ንገረኝ” አሉት። ሐኪሙ አቀረቀረ። “ዝም ካልክማ ገባኝ” አሉ፤ ወደ ወንድማቸውም ዞረው “ስንቱን አይዞህ፣ አይዞሽ ስል ኖሬ ለራሴ የምለው ጠፋኝ” አሉት። እሱም እጃቸውን ያዘ። ከዚያ “እንዳትለቀኝ” አሉት።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እጃቸው አልተለቀቀም ነበር።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።