የተሰነጠቀው ኅብስት

ረቡዕ
አልሞተም። ሞተ ያለው አንድ የይፋግ ነጋዴ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው ሰምቶ። ጣልያን ጉና ላይ አርበኞቹን ከቦ ወንድሜ እዚያው ወደቀ አሉ። ሬሳውን ያየ የለም። አጎቴ ግን እሑድ የአርባው ቅዳሴ ይደረግ ብሎ ቆርጧል። ዲያቆናቱ ሁሉ ተበታትነው ደብረ ታቦር የቀረሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ለገዛ ወንድሜ ኅብስቱን የምጋግረው እኔው ነኝ። እምዬ አላለቀሰችም። አትናገርም።

ሐሙስ
ከጎታው ገብስ ውስጥ የወንድሜን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣሁት። ጣልያን ቢያገኘው ቤቱን ያቃጥልብናል። መሸሸጉ ሰልችቶኛል፤ መጣሉ ግን አልሆነልኝም።

ወደ አርበኞቹ ሊሄድ ሲል አብረን ማጥናት የጀመርነው ቃል «ፍሎ» ነበር። እንከን ማለት ነው። መጽሐፉ ጥንት የበረዶ ብናኝ ማለት ነበር ይላል። ቆይቶ ስንጣሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ፣ በመጨረሻ የዕቃም የሰውም ጉድለት። ብናኝ በረዶ እንዴት ጉድለት ይሆናል? ስጠይቀው «ነገ እነግርሃለሁ» አለኝ። በነጋታው አልጋው ባዶ ነበር። ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። ናፈቀኝ።

ዓርብ
ጉና በረዶ ጥሎበት ነጭ ሆኖ አደረ። ወንድሜ ጋቢውን ትቶ ነው የሄደው።

ስንዴ የለም፤ ወታደሮቹ ጠራርገው ወስደውታል። አንዲት ጎረቤት ለአንድ ኅብስት የምትበቃ ዱቄት ሰጠችኝ። ንጹሕ ስንዴ ነው አለች።

ቅዳሜ
አጎቴ መጣ። «እርምሽን አውጪ፣ እቴ» አላት።
«ያላየሁትን አልቀብርም» አለች እምዬ። በሳምንቱ የሰማሁት ድምፅዋ ይህ ብቻ ነው። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እሳቱን ቆሰቆስኩ። ፈሪ ነኝ መሰለኝ።

እሑድ
ኅብስቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ቀዳሹ አባ ወደ ብርሃን አውጥተው አገላብጠው አዩት።
«ይኼ ለመሥዋዕት አይሆንም፣ ልጄ። ሌላ ዱቄት አለህ?»
«የለኝም፣ አባ።»
ቅዳሴው ቀረ። ሰው ሁሉ አየኝ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አጎቴ ተቆጥቶ ሄደ። እምዬ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ኅብስቱ እምቢ አለ» አለችኝ። «ልጄ በሕይወት ስላለ እምቢ አለ።»
አባ ሰምተዋል። ኅብስቱን ለቤታችሁ ውሰዱት አሉን።

ሰኞ
እምዬ ስንጥቁን ተከትላ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ተካፈልን፤ ሌላውን ለእሱ ብላ ጎታው ላይ አስቀመጠችው። ዛሬ እሳት ስታነድ አንጎራጎረች።

ጎረቤታችን ከሰጠችኝ ከረጢት ጥግ የቀረችውን ዱቄት ወደ ደጅ አውጥቼ አየኋት። ገብስ ተቀላቅሎባታል። ኅብስቱን የሰነጠቀው ገብሱ ነው። በነፋስ በተንኳት፤ እንደ በረዶ በነነች።

ለእምዬ አልነገርኳትም። በሩንም ዛሬ አልቀረቀርኩትም።