የእማዬ እልልታ

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ ጥርስህ ተነቀለልህ ወይስ ዛሬም በአንድ ጎን ነው የምታኝከው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም አሁን ደህና ናት፤ "አሁን" ያልኩበትን ምክንያት እነግርሃለሁና ሳትቸኩል አንብብ።

"ዶላሩ እየጨመረ ስለሆነ አንድ ዓመት ልታገስና የጭነት መኪናውን መግዣ አሟልቼ ልምጣ" ያልከው ደርሶኛል። እማዬን ታውቃታለህ፤ ሬዲዮው ዶላር ጨመረ ባለ ቁጥር አንተ የተሾምክ ይመስል እልል ትላለች። ልብስ ሊለካ የቆመ ደንበኛ ሁሉ "ምን ተገኘ?" ይለኛል። እኔም አብሬያት ስደሰት ከረምኩና ክር ልገዛ ወጣሁ። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ክሩም ዚፑም ገበሩም የሚመጣው በዚያው በዶላር ነው። ተናድጄ የስፌት ዋጋ ጨመርኩ። ባሌም ምላጭ ተወደደ ብሎ የፀጉር ማስተካከያውን ዋጋ ጨመረ። ዳቦ ጋጋሪዋ የልጇን ፀጉር ልታስቆርጥ መጥታ ይህን ሰማች፣ በማግስቱ ዳቦዋ አነሰ። ዱቄቷ እንኳ የሀገር ውስጥ ነው፤ ግን እሷስ ምን ታድርግ፣ ዱቄቱን የሚያመጣው መኪና ነዳጅ ይጠጣል፣ ልጇም ፀጉር ያበቅላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ እኛም ጨመረ ሲሉን የበዛልን መስሎን ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ጥቁር ኮት ስቆርጥ ጨርቁ ላይ ነጭ ብናኝ አየሁ። ጠመኔ ነው እንዳልል የእኔ ጠመኔ ሰማያዊ ነው። መቀሴን ሳገላብጠው አፉ ላይ ተጣብቋል። ለካ እማዬ የደም ግፊት ኪኒኗን በእኔ መቀስ ለሁለት እየቆረጠች ግማሹን ብቻ ትውጥ ኖሯል! መድኃኒቱም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። "ልጄን አታስጨንቂብኝ፣ ግማሹም ይሠራል" አለችኝ። ሰሞኑን ሲያዞራት የከረመው ለዚህ ነው። ተቆጣኋት፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ሙሉውን ትወስዳለች፣ እኔው ቆሜ አስውጣታለሁ። ሐኪሙም ተሽሏታል ብሏል።

እኔ ሂሳብ አዋቂ አይደለሁም ወንድሜ። ግን የተመኘኸውን መኪና ዋጋ ጠይቄልህ ነበር፤ ከዶላሩ እኩል ሽቅብ ወጥቷል፣ እንዲያውም ሳይቀድመው አልቀረም። ብትጠብቅ እሱም ይጠብቅሃል ብለህ ነው? አንተ ዶላር ስትጠብቅ እማዬ እንዳታመልጥህ እፈራለሁ። መኪናው ይቅር፣ ባዶ እጅህን ና።

አብሮህ ለሚኖረው ሾፌር ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆቼ ናፍቀውሃል፤ ትንሹ ፎቶህን እያየ አጎቴ ቁመቱ ስንት ነው ይለኛል። ባሌም ሰላም ብሎሃል፣ የመጣህ ቀን ፀጉርህን በነጻ ሊያስተካክልህ ነው፤ በዚህ ኑሮ "በነጻ" ሲል የሰማሁት ለአንተ ብቻ ነው።

ትናንት ሬዲዮው ደግሞ ጨመረ አለ። ስፌቴን አቁሜ የእማዬን እልልታ ጠበቅሁ። ዝም አለች። ምነው ብላት፣ "ልጄ በሩ ላይ ለሚቆምበት ቀን አስቀምጬዋለሁ" አለችኝ።

እህትህ
ከስፌት ቤቴ፣ ጥር 12 ቀን