ውጭ ያደረው ሸሚዝ

ሁሴን፣

ዱዓዬን አላቋረጥኩብህም። ይህ ግን ዱዓ አይደለም፣ ወቀሳ ነው። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሞላን፤ ሁለቱንም ዓመት በእናትህ ቤት ባሏን የበላች እየተባልኩ ኖርኩ።

ዓይንህ ቢጫ ሲሆን ያልከውን መቼም አትረሳውም። ዘሃራ ሸሚዜን ገመድ ላይ አሳድራው የሌሊት ወፍ ሸናበት አልክ። ለእናትህ ነገርክ፣ ለጎረቤት ነገርክ። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሮቢት ወደ ባህል ሐኪም ወስደው ክንድህን አስተኮሱት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምንህ ጥፋቴን ልሸፍን እንደሆነ ቆጠርከው። ቆቦ ሆስፒታል ስንደርስ ሆድህ ተነፍቶ ነበር። ሐኪሙ በደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ለዓመታት እንደኖረ ነገረን። በደም፣ በጋራ ምላጭ፣ በባልና ሚስት ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ወፍ አያመጣውም አለ። አንተም ሰምተሃል። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ኖርክ። ውሃ ለመጠየቅ አፍህ ይሠራ ነበር፤ ዘሃራ አላጠፋችም ለማለት ግን አልሠራም።

እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፣ ክትባቱንም ሦስቴ ተወግቻለሁ። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው። ጊደሯ ወልዳለች። እናትህ ግን አሁንም መግሪብ ሳይደርስ ገመዱን ትዳብሳለች፣ የረሳሁት ልብስ ካለ ብላ።

እሱም ይሁን። የወንድምህን የሰይድን ነገር ግን አልቻልኩትም። በየጁምዓው ጠዋት ግራሩ ሥር በአንድ ምላጭ ስትላጩ መስታወቱን የምይዝላችሁ እኔ ነበርኩ። እንዴት እንስቅ ነበር! ያ ሳቅ ይናፍቀኛል፣ ምላጩ ግን ያቃጥለኛል። ሰይድ ሊያገባ ነው። ተመርመር ስለው፣ ወንድሜ በወፍ ነው የሞተው፣ እኔ ልብሴን ውጭ አላሳድርም ይለኝ ነበር። አንተ ሞተህ ቃልህ እሱን ሊገድል ነበር። ለሙሽራዋ አባት እነግራለሁ ብዬ አስፈራራሁት። ጠላኝ፣ ግን ሄደ። ቫይረሱ ተገኘበት። ጉበቱ ገና አልተጎዳም፤ ቫይረሱን የሚያዳክም ኪኒን በየቀኑ ይውጣል። ሙሽራዋም መከተብ ጀምራለች።

ትናንት ያንን ሸሚዝህን ከሳጥን አውጥቼ አጠብኩት፣ እናትህ እያየች ገመድ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሰይድ አወረደውና እፊቷ ለበሰው። እሷም ተነሥታ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችለት።

አልረሳህም ሁሴን። መስታወት ይዤ የሳቅኩትንም፣ ዘጠኝ ቀን ዝም ያልከኝንም አልረሳም። ሸሚዙ ግን የሰይድ ሆኗል።

ዘሃራ